ዩሪያም በርበሬም ለሚጭን ሃይሉክስ የትኛው ላይነር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቡታጅራ ነኝ። 2012 ሞዴል ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለችኝ፣ በኪራይ ዕቃ አመላልሳለሁ። በእርሻ ወቅት ማዳበሪያ፣ በበጋ ሲሚንቶና ፌሮ፣ ሲደርስ ደግሞ የማረቆ በርበሬ እጭናለሁ። ለገበያ ቀን በግ አይጠፋም። የጭነት ሳጥኑ ቀለም ተልጦ አልቋል፣ እዚህም እዚያም ዝገት ጀምሮታል። አንድ ሰው ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ፕላስቲክ ላይነር፣ የሳጥን ገበር፣ ልሽጥልህ ይለኛል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ የራሱን ታኮማ ፒክአፕ ሳጥን በስፕሬይ አስነፍቶ ‹ከዚህ ሌላ እንዳታስብ› ብሎኛል። የሰፈራችን ባትላሜራ ደግሞ ‹ሬንጅ ቀብተህ ተገላገል› ይላል። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ረጋ ብለን እናየዋለን። ፕላስቲኩን አትግዛ። ሬንጁን እርሳው። ዝገቱን ከሥሩ አስወግደህ ሳጥኑን ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በሚቀባው የፖሊዩሪቴን ላይነር (ሲደርቅ ጠንካራ ላስቲክ በሚመስለው ቀለም) አስቀባ። ወለሉ ላይ ደግሞ በቀላሉ የሚነሳ የጎማ ምንጣፍ ጣልበት። ወንድምህ ግማሽ ልክ ነው። ስለ ቀሪው ግማሽ ኋላ እመጣበታለሁ።

ላይነር የምንለው ነገር ገበር ነው። የኮት ገበር በለው። ኮቱ በብል የተበላ ከሆነ ገበሩ አያድነውም፤ እንዲያውም ቀዳዳውን ይደብቅልሃል። ሰው ሁሉ «የትኛው ላይነር ይሻላል» ብሎ ይጠይቀኛል። «ላሜራዬ በምን ሁኔታ ላይ ነው» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። መቅደም ያለበት ግን ይሄኛው ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የእህል ነጋዴ «የኋላው ስፖንዳ አልዘጋ አለኝ» ብሎ ፒክአፑን ይዞ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ጥቁር ፕላስቲክ ላይነር አለ። መኪናዋ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ተነስቶ አያውቅም። ለአራት ሆነን አነሳነው። ከሥሩ የወጣውን እስካሁን አልረሳውም። ጭቃ፣ ገለባ፣ የተበጠሰ ሲባጎ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል የበቀለ ስንዴ። ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ነጭ ነበር። ስንዴው ሥር የሰደደበትን አፈር በስቱኮ መግፊያ ጫን ብዬ ስጠርግ መግፊያው ላሜራውን አልፎ ሄደ። በቀዳዳው ጎንበስ ብዬ ሳይ መለዋወጫ ጎማው ታየኝ። ሰውዬው ዝም ብሎ ቆመ። ከላይ ሲያዩት እኮ ሳጥኑ አዲስ ነበር የሚመስለው።

ፕላስቲክ ላይነር ክፉ ዕቃ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሆነው። በፋብሪካ በሳጥኑ ቅርጽ የተሠራ ወፍራም ፖሊኢትሊን ነው። ድንጋይ ብትወረውርበት ይችላል። ብሎኬት ሲወርድበት ላሜራው እንዳይጎደጉድ ከየትኛውም ቅብ በተሻለ ይከላከላል። ችግሩ ከላሜራው ጋር አለመጣበቁ ነው። በመሃላቸው ክፍተት አለ። ውሃ በስፖንዳው ጠርዝ ይገባል፣ አቧራም ይከተለዋል። ኮረኮንች ላይ ስትነዳ ፕላስቲኩ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቀለሙን ቀን ከሌት ይፍቀዋል። ቀለሙ ሲያልቅ ውሃው ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። በደረቅ አገር፣ በአስፋልት፣ በየጊዜው እያነሳ ለሚያጥብ ሰው ይሠራል። አንተ ግን ቡታጅራ ነህ። ክረምቱ ክረምት ነው፣ ገጠር ትገባለህ፣ የምትጭነው ደግሞ ማዳበሪያ ነው።

ማዳበሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። የአንተን ጉዳይ ከሌላው ሰው የሚለየው እሱ ነው።

ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። ጆንያ አፉን ከፍቶ ሲያድር ፍሬው እንደሚያለቅስ አይተሃል። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰው ፍሬ ሳጥኑ ጥግ ይገባል። እርጥበት ስቦ ይሟሟል፣ ጨዋማ ውሃ ይሆናል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ብረትን ከተራ የዝናብ ውሃ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ያዝጋል። የዝናብ ውሃ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ማዳበሪያው ግን ቢደርቅም ማታ ጤዛ ሲወርድ መልሶ ይረጥባል። ይሄ ውሃ ከፕላስቲክ ሥር ከገባ ማንም አያየውም፣ ማንም አያጥበውም። ስለዚህ ማዳበሪያ የሚጭን ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ የተጣበቀና ክፍተት የሌለው ልባስ። ሁለተኛ ከጭነት በኋላ በውሃ ጥርግ አድርጎ ለማጠብ የሚመች ሳጥን። ሁለተኛው ለበርበሬውም ያስፈልግሃል። በዩሪያ ላይ የተጫነ በርበሬ ገዢው ቢያውቅ ምን እንደሚልህ አንተ ታውቃለህ።

ሲሚንቶ እንደሚፈራው አይደለም። ዱቄቱ ብረትን እንደ ማዳበሪያ አይበላም። ጥፋቱ ሌላ ነው። ረጥቦ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ገንዳ ሆነ ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ማዕዘኖቹ አካባቢ አሉ። ዛሬውኑ በሽቦ ሞክራቸው። ውሃ አፍስስና በየት እንደሚወጣ ተመልከት።

ፌሮው ደግሞ ወለሉን ብዙም አይጎዳም፣ የኋላውን ስፖንዳ ጠርዝ ግን ይልጠዋል። እዚያ ጠርዝ ላይ የሚቀባው ልባስ ወፈር ይበል። ፌሮ ስትጭን አሮጌ የጎማ ቁራጭ ጣል ማድረግም ይረዳል።

በጉስ? በግ ፕላስቲክ ላይ አይቆምም። መታጠፊያ ላይ ሁሉም አንድ ጥግ ይከመራል፣ እግሩም ይሰበራል። ላስቲክ የመሰለ ሸካራ ነገር ይፈልጋል። ሽንቱ ደግሞ ጨው ነው፤ ማዳበሪያው ላይ ያልኩህ ሁሉ እዚህም ይሠራል።

አንድ ነገር አልጻፍክም፤ እኔ ግን እገምታለሁ። ነዳጅ ሲጠፋ ጀሪካን ትጭናለህ። አይደል? ፕላስቲክ ላይነር ያለው ሳጥን ላይ ቤንዚን በጀሪካን አታስሞላ። ቤንዚን በቱቦ ሲወርድ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይፈጥራል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ቢሆን ቻርጁ ወደ መሬት ይሄዳል። ፕላስቲኩ ግን መንገዱን ይዘጋበታል። የብረት ጀሪካን ከሆነ ቻርጁ ተጠራቅሞ የማደያው ቧንቧ አፉን ሲነካው ብልጭታ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዲህ ያሉ ቃጠሎዎች ደርሰው በይፋ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ምንም ዓይነት ላይነር ይኑርህ፣ ጀሪካኑን አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጠህ አስሞላ። ካስሞላህ በኋላ መልሰህ ጫን። «ማን ያወርዳል፣ ይከብዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። እንግዲህ አለመቃጠልም ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሦስቱ አማካሪዎችህ።

የዱባዩ ዕቃ። ሻጩ «ለሃይሉክስ ሁሉ ይሆናል» ብሎህ ከሆነ አይሆንም። ያንተ 2012 ብዙ ሰው ቪጎ የሚላት ናት። ከ2015 በኋላ የመጣችው የሳጥን ቅርጿ ሌላ ነው። የሲንግል ጋቢናዋ ሳጥን ደግሞ ረጅም ነው። የማይገጥም ላይነር በግድ ሲገባ በትራፓኖ ተበስቶ በብሎን ይታሰራል። እያንዳንዱ የትራፓኖ ቀዳዳ አዲስ የዝገት በር ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ የጠጣ ፖሊኢትሊን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጠርዙን በእጅህ አጠፍ አድርገው። ነጭ መስመር ካወጣ ዕድሜው አልቋል። ለነገሩ አዲስ ሆኖ በልክህ ቢመጣም ላንተ አልመርጠውም። ምክንያቱን ነግሬሃለሁ።

ሬንጁ። ባትላሜራህን አልወቅሰውም፣ ከልምድ ነው የሚያወራው። ከመኪና ሥር ሬንጅ ማስቀባት የቆየ ልማድ ነው። ከሥር ጭነት አይጎተትበትም። ከላይ ግን ሬንጅ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ሳጥን ውስጥ ጆንያ አስቀምጠህ ስታነሳው የሬንጅ ማኅተም ይዞ ይነሳል። በርበሬ ደግሞ የቀረበውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ነዳጅ ሲፈስበትም ይሟሟል። ዝገት ላይ ከተቀባ ደግሞ ዝገቱን አፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ አያቆመውም። ከሳጥኑ ሥር፣ ከውጭ በኩል፣ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ይቀባ ብትለኝ እስማማለሁ።

ወንድምህ። እሱ ያስነፋው በብዛት ፖሊዩሪያ ወይም የፖሊዩሪያና የፖሊዩሪቴን ድብልቅ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች በማሽን ይሞቃሉ፣ በከፍተኛ ግፊት ይወጣሉ፣ የሚገናኙትም መርጫው አፍ ላይ ነው። በሴኮንዶች ውስጥ ይጠነክራል። በአንድ ጊዜ 2 ሚሊሜትር፣ 3 ሚሊሜትር ማውጣት ይቻላል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ማሽኑና ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ካገኘህ የምትችለውን ከፍለህ አሠራ። ለጣሪያና ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚረጨው ውሃ መከላከያም የዚህ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ስታፈላልግ የመኪና ቀለም ቤት ብቻ አትጠይቅ።

ወንድምህ የሳተው ሌላ ቦታ ነው። ታኮማ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ የሳጥኗ ውስጥ ብረት አይደለም። በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። አይዝግም። እሱ ያስነፋው ለመልኩና ዕቃ እንዳይንሸራተት ነው። ተነፍቶ በማግስቱ ቢላጥ እንኳ ምንም አይሆንም። ያንተ ሳጥን ግን ብረት ነው፤ ለዚያውም ዝገት የጀመረው ብረት። አንተ ዘንድ ልባሱ አንድ ቦታ ላይ ካልያዘ ውሃው በዚያ ይገባና ከሥር እየተሳበ ይሄዳል። ስለዚህ ለወንድምህ የሠራው ሥራ ላንተ የሚሠራው ከሥሩ ያለው ዝግጅት ሲስተካከል ብቻ ነው። ስለ ዝግጅቱ አላነሳልህም አይደል? እሱ አላስፈለገውማ።

ማሽኑ ካልተገኘ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ የሚመጣው አለ። በሮለር ይቀባል፣ ወይም በተራ ኮምፕሬሰር ይረጫል። ራፕተር የሚባለው በብዛት የሚታወቀው ነው፤ ሦስት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ ይቀላቀላል። ማጠንከሪያ የሌለው፣ ከቆርቆሮው ወጥቶ ዝም ብሎ የሚቀባም አለ። ላንተ ሥራ ማጠንከሪያ ያለውን ነው የምመርጠው። ነዳጅና ማዳበሪያ የሚችለው እሱ ነው።

ስለ ውፍረቱ ግን አትታለል። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የሳጥንህ ወለል በግምት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው፣ 2.25 ካሬ ሜትር። አራቱ ግድግዳዎች ወደ ግማሽ ሜትር ከፍታ አላቸው፣ አንድ ላይ ወደ 3 ካሬ ይሆናሉ። በድምሩ ከ5 ካሬ ትንሽ ይበልጣል። 5 ካሬ ሜትርን 1 ሚሊሜትር ለማልበስ 5 ሊትር ያስፈልጋል። ያውም አንድ ጠብታ ሳይተን። አራት ጠርሙስ ያለው አንድ ካርቶን ተደባልቆ 4 ሊትር ነው የሚወጣው፣ ከዚያም ላይ የሚተን አለ። እንግዲህ በአንድ ካርቶን 1 ሚሊሜትር እንኳ አትደርስም። ቀቢው «3 ሚሊ አደርግልሃለሁ» ካለህ ስንት ካርቶን እንደሚገዛ ጠይቀው። የጎማ ምንጣፉን ለዚህ ነው ያመጣሁት። ቀለሙ ውሃውን ይከላከል፣ ጎማው ምቱን ይቀበል። ሥራ ክፍፍል ነው።

ዝግጅቱን አሁን ልንገርህ። ሰው ገንዘቡን ቀለም ላይ ያፈሳል፣ ዝግጅቱን ግን በግማሽ ቀን ጨርሱልኝ ይላል። እኔ ብሆን አምስት ቀን ይዤ ቀለም የምቀባው በአራተኛው ነው።

መጀመሪያ ከሥር ግባ። መኪናዋን ከፍ ያለ ቦታ አቁማት፣ ካርቶን አንጥፈህ ተኛ፣ የስልክህን መብራት አብራ። የሳጥኑ ወለል ያረፈባቸው ተሻጋሪ ብረቶች አሉ። ብረቱና ላሜራው የሚገናኙበት ቦታ ጭቃ ይይዛል። ጭቃውን አውጣና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያልክ ምታ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል። የበሰበሰው ዱብ ይላል፣ ድምፁ አይወጣም። ዱብ ያለው ቦታ ላይ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በል። ከገባ ልባስ ሳይሆን ብየዳ ነው የሚያስፈልግህ። ብየዳው ደግሞ ከልባሱ በፊት ይሁን። ከተቀባ በኋላ ከበየድክ ፖሊዩሪቴኑ ይቃጠላል፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ዙሪያውም ሁሉ ይለቃል። ባትላሜራህን የምትፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳውን በስቱኮ እንዳይሞላልህ ግን አጠገቡ ቁም። ስቱኮ ጭነት አይሸከምም።

ከዚያ የኋላውን ስፖንዳ አስፈታ። የወለሉን ብሎኖች እንዳይቀቡ ሸፍን። ሳጥኑን በኦሞና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠብ፤ ማዳበሪያ ጭነህ ከነበረ ሦስት ጊዜ። ጨው ሥር ከቀረ ቀለሙን ከታች ሆኖ ውሃ እየሳበ ያሳብጠዋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ወይም በግራይንደር እስከ ነጭ ብረቱ ድረስ ጥረግ። ጤነኛውን ቀለም ማንሳት አያስፈልግም፣ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ልስላሴውን ማጥፋት ይበቃል። በእጅህ ስትዳስሰው እንደ ድመት ምላስ መሆን አለበት። የሚያብለጨልጭ ቦታ ካየህ እዚያ ላይ ቀለሙ አይዝም። ነጭ ብረት የታየበት ሁሉ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (የሥር ቀለም) ይቀባ። «ነገ» ካልክ በማግስቱ ቢጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። ተራው አንቲረስት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን አንዳንዱ ከላይ ከሚመጣው ቀለም ጋር አይስማማም፣ ይኮማተራል። የቀለሙ መመሪያ የፈቀደውን ብቻ ተጠቀም። ከመቀባትህ በፊት በቲነር በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ በባዶ እጅህ አትንካው። የእጅ ቅባት ይበቃዋል።

የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አደራ። ቀቢ ይቸኩላል፣ ይደፍናቸዋል። የተጠቀለለ ወረቀት ሰክተህ አስቀባና ሳይደርቅ አውጣ። ዙሪያውን የለጠፍከውን የወረቀት ፕላስተርም ቀለሙ እርጥብ ሳለ አንሳው። ከጠነከረ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

መቼ? የእኔን ውርደት ስማ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን በሐምሌ አንድ ፒክአፕ ቀባሁ። ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነን፣ ዝናቡ ከውጭ ነው፣ እኛ ደርቀናል ብዬ። ማጠንከሪያው ግን እርጥበት አይወድም። ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ አረፋ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሳጥኑ ሙሉ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ዓይኑ ደግሞ የሚያምር! ባለቤቱ «ዲዛይን ነው?» አለኝ። ሁሉንም በእጄ ፍቄ በራሴ ወጪ ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ላይ ዝግና ሞቅ ያለ ቤት ከሌለ አልቀባም። አንተም ከጥቅምት በኋላ አድርገው። ጠዋት ላሜራው ላይ ጤዛ ካለ አትጀምር፤ ረፋድ ላይ ብረቱ ሲሞቅ ጀምር። ሁለተኛው ቅብ መመሪያው በሚለው ሰዓት ውስጥ ይደረብ። ካለፈ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግድ ነው።

ከተቀባ በኋላ ለአንድ ሳምንት ከባድ ጭነት አትጫን። ለበርበሬ ከዚያም በላይ ጠብቅ። አፍንጫህን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተህ ሽታ ካለ ገና ነው።

የሚቀባው ሰው አተነፋፈስም ነገር አለው። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባን ያስቆጣል፣ በተደጋጋሚ የሳበው ሰው ዕድሜ ልክ አስም ይዞ ሊቀር ይችላል። በጨርቅና በሕክምና ማስክ አይመከትም። በሮለር መቀባት ከመርጨት የተሻለ ነው፣ ጉሙ ያንሳል። ልጅህ አጠገብ ቆሞ እንዳያይህ።

ምንጣፉ። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ለወለልህ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መክበዱ ጥሩ ነው፣ አይንሳፈፍም። ከሥሩ ቦይ ቦይ ያለው ከሆነ ውሃ ያስተላልፋል፣ እሱን ምረጥ። ካጣህ ከድንጋይ መፍጫና ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወጣ ያገለገለ የኮንቬየር ቀበቶ አለ። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ እወደዋለሁ። ጠንካራ ነው፣ በጉም ይቆምበታል። ውስጡ ግን የጨርቅ ንብርብር አለው። ተቆርጦ ጠርዙ ሲጋለጥ ያ ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ በጎማ ማጣበቂያ ዝጋው። አንድ ላይ አታድርገው፣ ለሁለት ከፍለው። ለብቻህ ማንሳት የማትችለው ምንጣፍ አይነሳም፣ የማይነሳ ምንጣፍ ደግሞ ያው ፕላስቲክ ላይነር ነው። ማዳበሪያ ካወረድክ በዚያው ዕለት አንሳና በውሃ ግፋው። ሌላ ጊዜ በወር አንዴ ይበቃል። ኮምፔንሳቶ አንጥፍ የሚሉህን ግን አትስማ። እንጨት እርጥብ ፎጣ ነው።

ቅብ ላይነር የማትወደው ነገርም አለው፣ አልደብቅህም። አንዴ ከተቀባ ማንሳት መከራ ነው። ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል፤ ደብዝዞ ግን ሥራውን አያቆምም። አንድ ቦታ ሲጫር ወዲያው ይጠገን። ከተረፈው ቀለም ለጥገና አስቀምጣለሁ ብለህ እንዳታስብ፣ ከማጠንከሪያው ጋር ከተደባለቀ በኋላ አያድርም። ይልቅ አንዱን ጠርሙስና ድርሻውን ማጠንከሪያ ሳትከፍት አስቀር።

ወንድምህ «ካርቶኑን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ» ሊል ይችላል። በሻንጣ አይሆንም። ተቀጣጣይ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ምንጣፉም አንድ ሻንጣ ሙሉ ኪሎ ይበላበታል። ለመላክ ከልቡ ከሆነ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን የቀለም ቀቢ ማስክ ለኬሚካል ትነት ከሚሆነው ማጣሪያ ጋር ይላክልህ። ማጣሪያው ታሽጎ ይምጣ፣ ከተከፈተ ጊዜው ይሮጣል። ያንን ለቀቢው ስጠው።